ራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጎልን ማየት

በጉና ተራራ ግርጌ የሚኖር አንድ ገበሬ ማለዳ ሞፈሩን ሊያነሣ ሲል ቀኝ እጁ ዛለ፣ አፉ ተጣመመ፣ አንደበቱም ተሳሰረ እንበል። ጎረቤቶቹ እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ሲገሠግሡ፣ አንዱ «ምች መትቶት ነው»፣ ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን ይጠረጥራል። እርሱን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የአንጎሉ የደም ሥር ተደፍኖ ነው ወይስ ፈንድቶ?

ሁለቱ በውጭ ምልክታቸው ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ቢሰጥ፣ የደም ሥሩ ለተደፈነበት ሰው ሊበጅ ይችላል። አንጎሉ ውስጥ ደም ለሚፈስሰው ቢሰጥ ግን ለሞት ያደርሳል።

በዚህ ጊዜ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው ሲቲ ስካን ነው። መሣሪያው በራስ ዙሪያ እየዞረ የራጅ ጨረር ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም አስልቶ አንጎልን እንደ ተቆረሰ ዳቦ ገጽ በገጽ ያሳያል። አዲስ የፈሰሰ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ይህ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛ የታየበት እ.ኤ.አ. በ1971 በሎንዶን ነው። ኤም አር አይ ደግሞ በራጅ ፈንታ በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ ዕጢን አጥርቶ ከማሳየቱም በላይ፣ ሰው ሲያስብና ሲናገር የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ ተመራማሪዎች ይከታተሉበታል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን አያድንም። ይህን ለደብረ ታቦር ሰው ማስረዳት አያሻም። ዐፄ ቴዎድሮስ በአቅራቢያው በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሕዝብ ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ሲቲ ስካንም እንዲሁ የማይቋረጥ መብራት፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ፣ ሥዕሉን የሚያነብ ሐኪም፣ ካስፈለገም የሚቀድ እጅ ይሻል። የአንጎል ቀዶ ጥገና ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ጋር በመተባበር መጀመሩን የምናመሰግነውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ መሣሪያ በተመረቀ ዕለት ማጨብጨብ ቀላል ነው። እኛ የምንለው፣ በጀት ሲመደብ ሥዕሉን የሚያነበው ሰው ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይታሰብ ነው። ለዚያ ገበሬ 4 ሰዓት ተኩሉ መቆጠር የሚጀምረው ከሐኪም ቤቱ በር ሳይሆን ሞፈሩ ከእጁ ከወደቀባት ደቂቃ ነውና።