ጎርፉን ከሰማይ የሚያይ መሣሪያ፣ ማስጠንቀቂያውን የሚሰማ ቤት

ክረምት ሲገባ ባልና ሚስት ስለ ቀለብ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለ ልጆች ልብስ ይነጋገራሉ። “ወንዙ ቢሞላ ወዴት እንሄዳለን?” ብላችሁስ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ወንዞች አገራችንን አስለቅሰዋል። በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ኦሞ ወንዝ የዳሰነች መንደሮችን አጥለቅልቆ ከ300 በላይ ሰዎች አለቁ።

ዛሬ ከሰማይ የሚገኝ እርዳታ አለ። ፎቶ የሚያነሣ ሳተላይት የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ በክረምት ደግሞ ደመና ይጋርደዋል። ራዳር ያለው ሳተላይት ግን የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይልካል። ሞገዱን ደመናም ሆነ ጨለማ አያግደውም። ሸካራ መሬት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል። ጸጥ ብሎ የተኛ ውኃ ግን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያነጥረው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ባለሙያዎች ይህን ከጎርፉ በፊት ከተነሣው ምስል ጋር አስተያይተው የትኛው መንደር፣ የትኛው መንገድ እንደ ተዋጠ ይለያሉ። አውሮፓውያን በ2006 ዓ.ም. ያመጠቁት ሴንቲኔል 1 ይህን ምስል በነጻ ይሰጣል። በዚያው ዓመት አሜሪካና ጃፓን ያመጠቁት ሌላ ሳተላይት ደግሞ የሚወርደውን ዝናብ በራዳር ይለካል። ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ መጠን ሲታወቅ ቆላው መቼ እንደሚሞላ ማስላት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሴንቲኔልን የመሰለ ሳተላይት በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው በየጥቂት ቀናት ነው። እንደ ኦሞ፣ ባሮና አዋሽ ላሉ ረጅም ወንዞች ብዙ ይረዳል። እንደ ደቻቱ በሰዓታት ውስጥ ለሚደርስ ደራሽ ጎርፍ ግን አይደርስም። እዚያ የሚያድነው የላይኛው ሰፈር ስልክና ፈጥኖ መነሣት ነው።

ማስጠንቀቂያው ቢመጣም ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እቤት ውስጥ ነው። ሚስት “እንውጣ” ስትል ባል “የአምናውም ዝናብ አልፏል” ይላል፤ ወይም እሱ ሲቸኩል እርሷ ለዕቃው ትሳሳለች። ሌሎችም መሸሽን እንደ እምነት ማጣት ይቆጥሩታል። ኖኅ ግን መርከቡን የሠራው ጥፋት ውኃ ሳይመጣ በፊት ነው።

ስለዚህ ሰማዩ ጠራ ባለ ቀን ተቀምጣችሁ ተስማሙ። ከሁለት አንዳችሁ “እንውጣ” ካላችሁ ሌላው አይከራከር። የትኛው ከፍታ ላይ እንደምትገናኙ፣ ሕፃኑን ማን እንደሚያቅፍ፣ አያትን ማን እንደሚደግፍ ወስኑ። አንዳችሁ ሥራ ላይ ከሆናችሁ እቤት ያለው ሳይጠብቅ ይውጣ። መታወቂያና የባንክ ደብተር በፕላስቲክ ተጠቅልለው በአንድ ቦታ ይቀመጡ። የሚፈስ ጎርፍ በእግርም በመኪናም አትሻገሩ።

ሳተላይቱ ውኃውን ያሳያል። ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያወጣቸው ግን አባትና እናት ናቸው።