ሊፋይ፦ በብርሃን የሚተላለፍ ገመድ አልባ መረጃ

ሊፋይ መረጃን በሬዲዮ ሞገድ ፋንታ በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ አልባ የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ነው። ይህ ማብራሪያ አሠራሩን፣ ከዋይፋይ የሚለይበትን ሁኔታና ተገልጋዮች መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያቀርባል።

አሠራሩ

የኤልኢዲ አምፖል ብርሃን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ደመቅና ደብዘዝ እንዲል ማድረግ ይቻላል። የሰው ዓይን ይህን ፈጣን ለውጥ አይለይም። በኮምፒውተር ላይ የሚገጠም ብርሃን ተቀባይ ግን ድምቀቱን እንደ 1፣ ድብዘዛውን እንደ 0 ቆጥሮ መረጃውን ያነባል። ከኮምፒውተሩ ወደ አምፖሉ የሚመለሰው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 ድምፅን በብርሃን ጨረር አስተላልፏል። ሊፋይ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ያስተዋወቁት በወቅቱ የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃራልድ ሃስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 802.11ቢቢ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደረጃ ወጥቷል፤ ይህ ደረጃ የሚሠራው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው።

ከዋይፋይ በምን ይለያል?

ብርሃን ግድግዳን አያልፍም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ እንደሚገኙት ባሉ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የጎረቤታሞች ዋይፋይ ሞገድ ግድግዳ አልፎ እርስ በርሱ ይጣበባል። የሊፋይ ብርሃን ግን በክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር የጎረቤትን ግንኙነት አያውክም፤ በመስኮት ወይም በበር እስካልወጣ ድረስም ከክፍሉ ውጭ ያለ ሰው ሊጠልፈው አይችልም። የሬዲዮ ሞገድ ስለማያመነጭም እንደ አለርት ባሉ ሆስፒታሎች ውስጥ ከሬዲዮ ሞገድ ሊጠበቁ ለሚገባቸው የሕክምና መሣሪያዎች አመቺ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ባሕርይ ውስንነትም አለው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ማሰራጫ ይፈልጋል። ብርሃኑ ሲጋረድ ግንኙነቱ ይዳከማል ወይም ይቋረጣል፤ ኃይለኛ የፀሐይ ብርሃንም ሊያውከው ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ

1. ሊፋይ በራሱ ኢንተርኔት አይሰጥም። እንደ ዋይፋይ ሁሉ እስከ ቤትዎ ወይም እስከ መሥሪያ ቤትዎ የደረሰ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልገዋል። ስለሆነም መስመር ባልገባበት ቤት አምፖል በመቀየር ብቻ ኢንተርኔት ማግኘት አይቻልም።

2. ተራ የኤልኢዲ አምፖል ብቻውን አያገለግልም። ለዚሁ ተግባር የተሠራ ማሰራጫና በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ የሚገጠም ተቀባይ ያስፈልጋል፤ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስልኮች ተቀባዩ የላቸውም።

3. መብራት ሲጠፋ ማሰራጫውም ይቆማል። በመሆኑም የመጠባበቂያ ኃይል ያዘጋጁ።

4. መሣሪያው ዋይፋይንም አጣምሮ የያዘ መሆኑን ይጠይቁ። በብርሃን የሚሠራው ክፍል የሬዲዮ ሞገድ ባይጠቀምም፣ የዋይፋይ ክፍሉ ግን የሬዲዮ መሣሪያ ነው። ለሽያጭ ለማስገባት ያሰቡ ከሆነ አስቀድመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያማክሩ።