የጭንቅላት ባይፓስ የተሠራለት ሰው ሻሽ ጠበቅ አድርጎ አይሰር

ባይፓስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ልብ ነው አይደል? ጭንቅላት ውስጥም ይሠራል። በ1967 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ውስጥ የጀመሩት ቱርካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋዚ ያሻርጊል ናቸው።

አኑሪዝም ማለት የአንጎል ደም ስር ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲወጠር ነው። አብዛኛው በክሊፕ ወይም በደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ሽቦ ይዘጋል። ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ የሆኑት ግን አንዳንዴ ዝም ብለው ቢዘጉ የአንጎሉ ክፍል ደም ያጣል። ስለዚህ ለደሙ ሌላ መንገድ ይሠራለታል። ከጆሯችሁ ፊት በጣታችሁ ስትነኩት የሚመታውን ደም ስር ወደ ውስጥ ይቀጥሉታል፤ ብዙ ደም ካስፈለገ ከክንድ ወይም ከእግር ይወስዳሉ።

ሰሞኑን ውጭ ሀገር ተሠርተው የመጡ እናት ለክትትል መጥተው ነበር። ሻሹን ግጥም አድርገው አስረውታል። «እማማ፣ ትንሽ እናላላው» ስላቸው «ልጄ፣ ካላሰርኩት ራስ ምታቱ መች ይለቀኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሁላችንም ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው። ግን አዲሱ ደም ስር የሚያልፈው ልክ ሻሹ የሚጫነው ቦታ ላይ ነው። ሲጫኑት ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ከተዘጋ ደግሞ ስትሮክ ነው። ጠባብ ኮፍያ፣ የሚያጣብቅ መነጽር፣ ሄድፎን፣ በዚያ ጎን መተኛትም ያው ናቸው።

መዘጋቱን ለመከላከል አብዛኛውን ጊዜ አስፕሪን ይታዘዛል። ጥርስ ላስነቅል ነው፣ ጨጓራዬን ነካኝ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት! መጀመሪያ የሚከታተላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ግፊት ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው» እዚህ አይሠራም። በጣም ከወረደ የተቀጠለው ደም ስር ሊዘጋ ይችላል፤ ከጨመረ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል። ሐኪሙ የሰጣችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ሲጋራማ ጨርሶ አይታሰብም።

ቁስሉም የራሱ ጣጣ አለው። የራስ ቆዳው አንድ ደም ስሩን ስለሰጠ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ጠርዙ ከጠቆረ፣ መግል ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ በዚያው ቀን ታዩ።

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ የሚጥል ነገር ከመጣ ወይም ከባድ ራስ ምታት በድንገት ከጀመረ ኢንቦክስ አታድርጉልኝ፣ እኔ እስካየው ድረስ ሰዓቱ ይሄዳል። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ የቀዶ ጥገናውን ወረቀትና ሲዲ ይዛችሁ።