በፉሪ ወርክሾፕ ለሚሠራ ነጋዴ ስለ ቦታ አዘገጃጀት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከለቡ ቀጥሎ በተራራው ግርጌ የሚገኘው ፉሪ ለንግድና ለእደ ጥበብ ሥራ የሚስማማ ስፍራ ነው። የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ በፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ፉሪ ከሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆኗል። በመሐል ከተማ ቦታ የጠበበው ባለሱቅ፣ አስመጪና ባለሙያ በእንደዚህ ያለ ስፍራ ዕቃ የሚገጣጥምበትን፣ እንጨት የሚያለዝብበትን ወይም ብረት የሚበይድበትን ወርክሾፕ ለመሥራት ሲያስብ፣ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ቆርቆሮ የለበሰውን ሼድ ነው። ይህ ዓይነት ሥራ ቶሎ ያልቃል፤ ወጪውም ከግንብ ያንሳል። ይሁን እንጂ ርካሽነቱ የሚጸናው መሬቱ አስቀድሞ በሚገባ የተዘጋጀ እንደሆነ ብቻ ነው።

ስለ ፈቃድ

ከዶማ በፊት ወረቀት ይቀድማል። የይዞታ ማረጋገጫ በሌለው ቦታ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ዋስትና የለውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፋብሪካንና ወርክሾፕን በ«ሐ» ምድብ መድቧቸው ነበር፤ ስለዚህ «ባለ ቆርቆሮ ሼድ ብቻ ነው» ተብሎ እንደ ተራ መኖሪያ ቤት እንደማይታይ ማወቅ ይገባል። ባለንብረቱ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበና በጊዜው የሚሠራበት ደንብ ምን እንደሚጠይቅ ከክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይረዳ።

ስለ አፈሩ

በተራራው ጥግ አፈሩ ድንጋያማ ሲሆን፣ ወደ ሜዳው ሲወረድ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ይበዛል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እንዲህ እየተነሣና እየተኛ ቋሚውን ያዘማል፣ በሩን ያጣብቃል፣ ወለሉን ይሰነጥቃል። ልኩ የተስተካከለ ማሽን የተተከለበት ወለል ጥቂት ቢያዘነብል እንኳ ሥራው ይበላሻል።

ስለሆነም በቦታው አራት ማዕዘንና በመካከሉ እስከ 2 ሜትር የሚጠልቅ የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈር ተገቢ ነው። ዋልካው ስስ ከሆነ ጨርሶ ይነሣል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን የላይኛው ክፍል ብቻ ተነሥቶ በሌላ አፈር ይተካል። በዚህ ጊዜ የመሐንዲስ ምክር ያስፈልጋል።

ወጪውን ለመገመት 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ሼድ እንውሰድ። በየጎኑ 1 ሜትር ሲጨመር ስፋቱ 204 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ዋልካ ቢነሣ 122 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ አንድ አራተኛ ቢጨመርበት፣ በባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና 10 ጊዜ ይመላለሳል። ቦታውን ሞልቶ ወለሉን ከአካባቢው መሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ ደግሞ ተደልድሎ 184 ሜትር ኩብ የሚሆን ገረጋንቲ፣ ማለት 15 መኪና ያህል ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ከቆርቆሮው ዋጋ ጋር ሳያስተያይ ሥራ የጀመረ ሰው መንገድ ላይ ገንዘብ ያጥረዋል።

ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተዘረጋ፣ ውኃ እየተረጨ ይደለደላል።

ስለ ውኃ

በዋልካ መካከል የተሞላ ገረጋንቲ፣ መውጫ ካልተበጀለት፣ ውኃ እንደሚያቁር ገንዳ ይሆናል። ስለዚህ ከተራራው በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበል ቦይ በላይኛው ጎን መቆፈር አለበት፤ ቦዩም በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መንገድ ፍሳሽ ይምራ እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ አይልቀቅ። የጣራው ውኃም ቀላል አይደለም። በ150 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,500 ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል 22 ሞልቶ የሚተርፍ ውኃ ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በቋሚዎቹ ሥር ይሰርጋል።

ስለ ልክና ስለ ቋሚ

ሲባጎ ሲወጠር ማዕዘኑ በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ልክ ይፈተናል። ከዚያም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሻግረው የሚለኩት ሁለቱ መስመሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ በ10 በ15 ሼድ እያንዳንዱ 18 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ካልተስተካከለ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲወጣ ተጣሞ ይገኛል።

የባሕር ዛፍ ቋሚ ጠላቶች ምስጥና እርጥበት ናቸው። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ወይም ጫፉን በእሳት መለብለብ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ይነካል። ለኤሌክትሪክና ለስልክ መስመር እንደሚውለው በፋብሪካ መድኀኒት የጠጣ እንጨት የበለጠ ይዘልቃል። ይህ ካልተገኘ ቅርፊቱ የተላጠና በሚገባ የደረቀ ቋሚ ከመሬት ከፍ ባለ የቤቶን እግር ላይ ተቀምጦ በብረትና በብሎን ይታሰር። የብረቱ ማሰሪያ እንዳይዘነጋ፤ ጎኑ ክፍት የሆነን ሼድ ነፋስ ከሥር ገብቶ ያነሣዋልና። ከባድ ማሽን ካለ ደግሞ ንዝረቱ ወደ ቋሚዎቹ እንዳይተላለፍ ለብቻው የቤቶን መቀመጫ ይሠራለት።

ስለ ጊዜው

ዋልካ ከራሰ መኪና አያስገባም፣ አይደለደልምም። የመሬቱ ሥራ በጥቅምት ተጀምሮ የበልግ ዝናብ ሳይደርስ ቢያልቅ፣ ጣራውና አሸንዳው ከሰኔ በፊት ይደርሳሉ። ቦታውን አንድ ክረምት ጠብቆ ውኃው በየት እንደሚሄድና የት እንደሚተኛ በዓይኑ ያየ ባለንብረት ቦዩን በትክክለኛው ስፍራ ያስቆፍራል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተተከለ ሼድ በመጀመሪያው ክረምት ይፈተናል። በጣራው ሥር የሚቀመጠው ማሽንና ሸቀጥ ከሼዱ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ለመሬቱ የወጣ ገንዘብ ለዚህ ሀብት እንደተከፈለ መድን ይቆጠራል።