ዩኒቨርሲቲው ከመንደሩ የወሰደው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው ናቸው) ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ሲያጠኑ አድዋ አካባቢ አንድ ነገር ልብ አሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። የዓመታት የቤተ ሙከራ ጥናትና በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉት ዓለም አቀፍ ሽልማት መነሻቸው ያ የወንዝ ዳር ነው። እንዶድን ለአጠባ የመረጡት፣ ቀጥቅጠው አረፋ ማውጣቱን ለልጆቻቸው ያስተማሩት ሴቶች ግን በሽልማቱ ላይ በስም አልተጠሩም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1990ዎቹ አሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ ለማጥፋት የመጠቀም ፓተንት ወሰደ። ጤፍም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። ኢትዮጵያ በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ፈረመች፤ ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ነበረው። የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ፓተንት የሻረው በ2018 ነው። ገበሬው ግን በጉዳዩ ላይ ምን እንደሚል አልሰማንም።

ሕጉ ከዚህ የተሻለ ያስባል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቡ ዕውቀቱን ማን እንደሚጠቀምበት የመፍቀድም የመከልከልም መብት ይሰጠዋል፤ ከጥቅሙም ድርሻ አለው። ችግሩ ያለው በየዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው። ተማሪው መጠይቁን ይዞ ገጠር ይወርዳል፤ የባህል ሐኪሙ ከአባቱ በአደራ የተቀበለውን የሥሩንና የቅጠሉን ምሥጢር ይነግረዋል። ከዚያ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይታረማል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ባለ ዕውቀቱ ሊያነበው አይችልም፤ የተጻፈው ትክክል ይሁን ስህተት የሚያጣራበት መንገድም የለውም። ይህን እንደ ቀላል የቋንቋ ጉዳይ አላየውም። የተነገረን ነገር ለተናጋሪው ሳያሳዩ ማስቀረት አደራ መብላት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሥራዎችም አሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከትምህርታቸው ጋር አያይዞ ወደ ማኅበረሰቡ የሚያወርድ ሥርዓት ከዘረጋ ቆይቷል። ብዙዎች «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሚያውቋቸው ዓለማየሁ ዋሴም በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። በደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲያጠኑ ያገኙትን ለካህናቱና ለምእመናኑ አወሩ። የከብቱ ጥርስ ደኑን ከዳር እየበላ መሆኑን ተነጋገሩ፤ ከዚያም ሰዉ ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ ደርድሮ አጥር ሠራ። ደኑን ለዘመናት ያቆየው የምእመናኑ እምነት ነው፤ የጥናቱ ውጤት ደግሞ ወደዚያው ሰው ተመልሶ ሥራ ሆነ። ይህን የመሰለ ነገር ከገንዘብ ይልቅ መደማመጥን ይጠይቃል።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምለው አጭር ነው። በባህላዊ ዕውቀት ላይ የሚሠራ ጥናት የባለ ዕውቀቱ ፈቃድ ሳይኖረውና ፍሬ ሐሳቡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ለሰዎቹ ሳይነበብላቸው አይጽደቅ። እናንተም አማካሪ የሆናችሁ መምህራን፣ ለተማሪያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «መልሰህ አነበብክላቸው?» ብላችሁ ጠይቁት።