ራስን መግዛትና የሩሌት መንኰራኵር

ቁማርተኛን የሚያጠፋው የጠባዩ ድካም ብቻ ነው፤ ቍጣውንና ስስቱን የገታ ሰው ግን ከካዚኖ አትርፎ ይወጣል የሚለው ሐሳብ ታላላቅ አእምሮዎችን ሳይቀር ያሳተ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1863 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በቪስባደን ከተማ ሩሌት ተጫውቶ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ፣ የማሸነፊያው ምሥጢር ስሜትን በየቅጽበቱ መግታት መሆኑን ለሚስቱ እኅት በደብዳቤ አበሠረ፤ ብዙም ሳይቈይ ግን ያንኑ ጨዋታ በባደን ባደን ተጫውቶ የያዘውን ሁሉ ስለ ተበላ፣ ዘመዶቹን ገንዘብ ለመለመን ተገደደ።

እውነታው ይህ ነው፤ መንኰራኵሩ የሰውን ጠባይ አያውቅም። የአውሮፓው ሩሌት 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና አንድ ዜሮ፣ በድምሩ 37 ክፍል ሲኖረው፣ በአንድ ቍጥር ላይ ያስያዘ ሰው ቢቀናው የሚከፈለው ትርፍ 35 እጥፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ትዕግሥተኛውም ችኩሉም ከሚያስይዙት ከ100 ፍራንክ በአማካይ 2 ፍራንክ ከ70 ሳንቲም ለቁማር ቤቱ ይቀራል። ትዕግሥተኛው የሚጠቀመው በዝግታ መክሰሩን ነው።

ጥቁር ከተደጋገመ ቀይ መከተሉ አይቀርም የሚሉም አሉ። ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ጥቁር 26 ጊዜ በተከታታይ ሲወጣ፣ ተጫዋቾቹ የቀይ ተራ ደርሷል እያሉ ገንዘባቸውን በቀይ ላይ አፈሰሱ፤ ኳሷ ግን ያለፈውን የምታስታውስበት ኅሊና ስለሌላት፣ በ26ኛውም ዙር ጥቁር የመውጣት ዕድሉ እንደ መጀመሪያው ከ37 አሥራ ስምንት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሥርዓት ያለው የሚመስለው፣ በተሸነፉ ቍጥር መደቡን እጥፍ የማድረግ ዘዴ ነው። ከ1 ፍራንክ ተነሥቶ 10 ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው 1023 ፍራንክ ከስሮ ሌላ 1024 ፍራንክ ማስያዝ አለበት፤ ጠረጴዛው ከወሰነው መጠን ሳያልፍ ቢፈቀድለትና ቢያሸንፍ እንኳ፣ የዚያ ሁሉ ጭንቀት ትርፉ 1 ፍራንክ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን አይነሣም? ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት እስራኤላውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1979 እንዳስረዱት፣ የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበልጣል፤ ኪሳራውን ያልተቀበለ ሰውም፣ ሲያተርፍ ከቶ የማይደፍረውን አደጋ ይደፍራል። ራስን መግዛት የሚረዳው በዚህች ሰዓት ተነሥቶ ለመሄድ እንጂ ለማሸነፍ አይደለም።

መጫወቱ ካልቀረ፣ ተጫዋቹ ጠባዩን ከሚመረምር የመንኰራኵሩን ዜሮዎች ቢቈጥር ይሻለዋል፤ ሁለት ዜሮ ባለበት በአሜሪካው ሩሌት ከ100 ዶላር ለቤቱ የሚቀረው በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነው።