ተጨማሪ መረጃ፦ የማክሰኞ ከሰዓት ክበብ

የአጭሩን መንገድ ፍለጋ ስልተ ቀመር ያወጣው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በሆላንዷ አይንድሆቨን ከተማ «የማክሰኞ ከሰዓት ክበብ» የተባለ የምርምር ውይይት መሥርቶ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ኦስቲን ወደሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወርም ልማዱን ይዞት ሄደ።

በክበቡ ጥናታዊ ጽሑፎች በጥንቃቄ ይነበቡ ነበር፤ ይዘታቸው ብቻ ሳይሆን የምልክት አጠቃቀማቸው፣ አደረጃጀታቸውና አቀራረባቸው ጭምር ይተች ነበር። ዳይክስትራ ራሱ ሲያስተምር ከስላይድ ይልቅ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይመርጥ ነበር። ቁጥር እየሰጠ የጻፋቸው ከ1,300 በላይ ማስታወሻዎቹም ፎቶ ኮፒ እየተደረጉ በባልደረቦቹ እጅ ይዘዋወሩ ነበር።

እናንተም በትምህርት ክፍላችሁ ሴሚናር ስትገኙ ጽሑፉን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ።